መረብ፣ ከረጢት ወይስ ቀድሞ መልቀም? የጓሮ ፍራፍሬን ከወፍ ለማዳን የቱ ያዋጣል

ፍሬ መቅላት ሲጀምር ሰው ሁሉ ቶሎ የሚያስበው መረብ ነው። መረብ ደግሞ ያድናል፤ ግን ለሁሉም ዛፍ አይሆንም፣ ለአንዳንዱም ጭራሽ አያስፈልግም። ምርጫውን የሚወስኑት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ፍሬው ከተለቀመ በኋላ ቤት ውስጥ ይበስላል ወይ? ዛፉ ቁመቱ የሚደረስበት ነው ወይ? ለማዳን የሚፈለገው ፍሬስ ስንት ነው? ዋጋ የሚመጣው ከእነዚህ በኋላ ነው።

በመጀመሪያ፣ የሚበላው ማን ነው?

ገንዘብ ከማውጣት በፊት ጠዋት ማልዶ ዛፉ ሥር ጎንበስ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ወፍ የበላው ዘይቱን (ጓቫ) አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ዛፉ ላይ ይቀራል፤ ከላይ ወይም ከጎን ተቦርቡሮ፣ ልጡ እንደ ሲኒ ባዶውን ተንጠልጥሎ ይገኛል። የሌሊት ወፍ ግን ፍሬውን ነጥቆ ወደ ሌላ ዛፍ ወይም ወደ ቤት ክፈፍ ሥር ይዞት ይሄዳል። እዚያ አኝኮ ጭማቂውን ይውጥና ቃጫውን ይተፋዋል። ስለዚህ ጠዋት በረንዳ ላይ የታኘኩ ትንንሽ እንክብሎችና ግድግዳ ላይ የተረጨ ኩስ ከታየ ጥፋተኛው ቀን የሚበር ወፍ አይደለም። አይጥ ጎን ለጎን የሆኑ ሁለት የጥርስ ጭረቶች ትታ ትሄዳለች። ጦጣ ደግሞ አንዴ ነክሶ ይጥላል፣ ቅርንጫፍም ይሰብራል። ከውጭ የመርፌ ጫፍ የምታህል ነጥብ ብቻ ታይቶ ሲከፈት ውስጡ ትል ካለ የፍራፍሬ ዝንብ ነው።

ይህን መለየት ወጪ ያድናል። የሚያብረቀርቅ ሲዲ ለሌሊት ወፍ ምንም አይደለም። ጦጣ መረብ ይቀድዳል። የፍራፍሬ ዝንብ የወፍ መረብን እንደ ተከፈተ በር ታልፈዋለች።

ወፎቹም ቢሆኑ አንድ ዓይነት አይደሉም። በአዲስ አበባና በሌሎች የደጋ ከተሞች ጓሮዎች ብዙ ጥፋት የምታደርሰው አመድማ ቡናማ፣ ራሷ ላይ ቁንጮ ያላትና ጅራቷ ከሰውነቷ የሚረዝም ወፍ ናት። በመንጋ ትመጣለች። ቅርንጫፍ ላይ ከመቀመጥ ይልቅ እንደ አይጥ በቅጠሉ መሃል እየተሹለከለከች፣ ወደ ታች ተንጠልጥላ ትበላለች፤ ፍሬ ከጠፋ ቡቃያና ቅጠል ሳይቀር ትቆረጥማለች። ከሥሩ ያልታሰረ መረብ ለእሷ ጥላ ነው እንጂ አጥር አይደለም፣ ከታች ትገባለች። ስትበር ክንፏ ላይ ቀይ ቡናማ የሚታየው ጥቁር ወፍ ደግሞ ትልቅና ደፋር ናት፤ ፍሬውን ከላይ ትመነቁራለች። በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋ ብቻ የምትገኘው ትንሿ አረንጓዴ በቀቀን በለስ (የዛፉን እንጂ የቁልቋሉን አይደለም) ትወዳለች። መንቆሯ እንደ መቀስ ስለሆነ ስስ ጨርቅ ትቆርጣለች። ለእሷ ሲባል የሚመረጠው ከረጢት ይለያል፣ ከታች እንመለስበታለን።

ቀድሞ መልቀም፦ ብዙ ሰው የሚዘለው ርካሹ መንገድ

ማንጎ፣ ፓፓያ፣ ዘይቱን፣ ኮክ፣ ፕሪም፣ ፖም፣ ካዝሚር፣ ጊሽጣና ሙዝ ከዛፍ ከወረዱ በኋላም መብሰላቸውን ይቀጥላሉ። አቮካዶማ ዛፉ ላይ እያለ አይለሰልስም፣ ጠንካራውን መልቀም ግድ ነው። ለእነዚህ መረብ ከመዘርጋት በፊት የመልቀሚያውን ቀን ማሳጠር ይሻላል። ወፍ የሚመጣው ፍሬው ቀለም ሲለውጥና ሽታው ሲወጣ ነውና ከዚያ ሁለት ሦስት ቀን መቅደም በቂ ነው።

ስህተቱ ከልክ በላይ መቅደም ላይ ነው። አረንጓዴ ኮክ ቢለቀም አይበስልም፣ ይጨማደዳል እንጂ። መታየት ያለበት ቀዩ ጉንጩ ሳይሆን ከቀዩ ሥር ያለው የልጡ መደብ ቀለም ነው፤ እሱ ከአረንጓዴ ወደ ክሬም ወይም ቢጫ ሲያዘነብል ይለቀማል። ዘይቱን ጥቁር አረንጓዴው ፈዝዞ ሲነጣ ደርሷል። ፓፓያ ከሥሩ በኩል አንድ ቢጫ መስመር ሲያወጣ፣ ጊሽጣ በእብጠቶቹ መካከል ያለው መስመር ሲሰፋና ሲነጣ ይቆረጣሉ። ማንጎ ደግሞ በትከሻው ይታወቃል፤ ጭራው ከተያያዘበት ቦታ ግራና ቀኙ አብጦ ከፍ ሲል ውስጡ ሞልቷል ማለት ነው። ማንጎን ሲቆርጡ ጭራውን ጣት ያህል ማስቀረት ይገባል። ነጩ ወተቱ ልጡ ላይ ከፈሰሰ ያጠቁረዋል፣ መበስበስም የሚጀምረው ከዚያ ነው።

የተለቀመውን ፍሬ በአንድ ድርድር ብቻ፣ ሳይደራረብ፣ ጭድ ላይ ወይም ካርቶን ውስጥ ማድረግ ነው። የበሰለ ሙዝ አብሮ ቢገባ በሚያወጣው ጋዝ ያፈጥነዋል። ፍሪጅ ሳይበስል አይግባ፤ ብርዱ መብሰሉን ያቆመዋል፣ ጣዕሙም ይቀራል።

ይህ ዘዴ የማይሠራላቸውም አሉ። ወይን፣ እንጆሪ፣ ሮማንና ብርቱካን ከተቆረጡ በኋላ አይጣፍጡም፣ ባሉበት ይቆማሉ። በለስ እንኳን ትንሽ ቢለሰልስ ማሩን አያገኝም። ወሽመላም ዛፉ ላይ ካልበሰለ ይኮመጥጣል። መረብና ከረጢት በእርግጥ የሚያስፈልገው ለእነዚህ ነው።

ከረጢት፦ ለጥቂት ፍሬ የሚያክለው የለም

ዛፉ ትንሽ ከሆነ፣ ወይም ከትልቅ ዛፍ ላይ ለቤት የሚሆን ሰላሳና አርባ ፍሬ ብቻ ማዳን ከተፈለገ፣ እያንዳንዱን ፍሬ ማልበስ ከመረብ ይበልጣል። ወፍ አይጠመድበትም፣ መሰላል ላይ ቆሞ ከቅርንጫፍ ጋር መታገል የለም። ትልቁ ጥቅሙ ግን ሌላ ነው፤ አፉ በደንብ የታሰረ ከረጢት የፍራፍሬ ዝንብንም ይከለክላል። ለዘይቱንና ለማንጎ ይህ ብቻውን ያስመርጠዋል።

የሚገኙት ዓይነቶች ሦስት ናቸው። ሰርግ ላይ ስጦታ የሚታደልበት ስስ ከረጢት በአፉ ላይ የሚሳብ ክር ስላለው ቶሎ ይታሰራል፣ አየርና ብርሃን ያሳልፋል፣ ታጥቦ ለከርሞ ይሆናል። ከስስ መጋረጃ ትርፍራፊ መስፋትም ያው ነው። ሁለተኛው ወረቀት ነው፤ ርካሽ ነው፣ ፍሬውን ከዓይን ይሰውራል፣ ግን ዝናብ ሲመታው ይበጣጠሳል። ክረምት ላይ ለሚደርስ ኮክ ወረቀት መድከም ነው። ብርሃን ስለሚከለክልም ፖምና ኮክ ውስጡ ሳይቀሉ ነጣ ብለው ይቀራሉ፤ ጣዕማቸው ላይ ብዙ ጉዳት የለውም፣ የሚያምር ፍሬ ለሚፈልግ ግን አይሆንም። ሦስተኛው ላስቲክ ነው። ባይመረጥ ይሻላል። ፀሐይ ሲመታው ውስጡ ይፈላል፣ ሌሊት ያልበዋል፣ ፍሬው ይሻግታል። ሌላ ከጠፋ ታችኛዎቹን ሁለት ማዕዘኖች ቆርጦ ውኃው እንዲወርድ ማድረግ ያስፈልጋል።

መጠኑ ላይ መሰሰት አያዋጣም። ፍሬው አድጎ ጨርቁን ከነካው ወፏ በጨርቁ ላይ ሆና ትመነቁረዋለች፣ ዝንቧም በቀዳዳው እንቁላሏን ትጥላለች። ለበለስ 10 በ15 ሳንቲ ሜትር፣ ለዘይቱንና ለኮክ 15 በ20፣ ለማንጎ 25 በ30፣ ለወይን ዘለላ 20 በ30 ይበቃል። አረንጓዴዋ በቀቀን ባለችበት ሰፈር ስስ ጨርቅ ብቻውን ስለማይበቃ ሁለት ድርብ ይደረጋል፣ ወይም ዝናብ ከሌለ ከጨርቁ ላይ ወረቀት ይደረብበታል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በቅድሚያ ፍሬው ይሳሳል። ኮክ ሲያፈራ እንደ ጨሌ ይደረደራል፤ አውራ ጣት ጫፍ ሲያክል በየጡጫው ስፋት አንድ አንድ ብቻ እየቀረ ሌላው ይረግፋል። ልብ ያሳሳል፣ ግን የቀረው ይተልቃል፣ የከረጢቱም ቁጥር ይቀንሳል። ቀጥሎ ፍሬው ጤናማ መሆኑ ይታያል፤ ዝንብ የወጋችውን ማልበስ ትሉን ቤት መሥራት ነው። ዘይቱን የትንሽ ሎሚ፣ ማንጎ የዶሮ እንቁላል ያህል ሲሆኑ ይለብሳሉ። ማንጎ ረጅም ጭራ ስላለው አፉ እዚያው ላይ ይታሰራል። ኮክና ዘይቱን ግን ጭራቸው አጭር ነው፤ ጭራው ላይ ለማሰር ሲታገሉ ፍሬው እጅ ላይ ይቀራል። እነሱን ከነቅርንጫፉ ጫፍ አስገብቶ ክሩን ቅርንጫፉ ላይ መሳብ ነው። ቅጠል ቢገባ ግድ የለም፣ ጉንዳንና ነጭ አቧራ መሳይ ተባይ ግን አብረው እንዳይታሰሩ መፈተሽ ያስፈልጋል።

ፍሬው ከመቶ ሲያልፍ ከረጢት ያሰለቻል፣ ያኔ መረብ ይታሰባል።

መረብ፦ ምን ዓይነት፣ እንዴት

እዚህ ላይ ነው ብዙ ገንዘብም ብዙ ወፍም የሚጠፋው። የዓይኑ ስፋት ቀዳሚው ጉዳይ ነው። በአውስትራሊያ የቪክቶሪያ ግዛት ከመስከረም 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመኖሪያ ግቢ ለሚተከል ፍራፍሬ የሚውል መረብ፣ ተወጥሮ ሲለካ ዓይኑ ከ5 በ5 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ በመንግሥት ደንብ ተወስኗል። ምክንያቱ ሰፊ ዓይን የወፍ እግር፣ የሌሊት ወፍ ክንፍና የእባብ አንገት ስለሚይዝ ነው። እኛ ዘንድ ደንቡ ባይኖርም ልኩ ጥሩ ነው፤ ሱቅ ውስጥ ትንሿን ጣት ሰድዶ መሞከር ነው፣ ጣት ካለፈ መተው። ነጭ መረብ ከጥቁሩ ይሻላል፣ ወፏ ከሩቅ ታየዋለች።

ከየቦታው የሚመጡ ምትኮች አሉ። ያረጀ የዓሣ መረብ በፍጹም አይሁን፤ ክሩ ስስና የማይታይ ነው፣ ሥራው መያዝ ነውና ወፉንም ይይዛል። የአበባ እርሻዎች የሚጠቀሙበት አረንጓዴ የጥላ መረብ ወፍ ይከለክላል፣ ግን ፀሐዩንም ይቀንሳል፤ ፍሬው ይዘገያል፣ ስኳሩም ይቀንሳል። አጎበርስ? ወባ ባለበት አካባቢ የሚታደለው አጎበር ፀረ ትንኝ መድኃኒት የተነከረ ነው፣ ቢታጠብም ቶሎ አይለቅም። ለሚበላ ፍሬ መሸፈኛ አይሆንም፤ ደግሞም ቦታው አልጋ ላይ ነው። መድኃኒት ያልተነከረ አዲስ የአጎበር ጨርቅ በሜትር ከተገኘ ግን ለአጫጭር ዛፎች ምርጥ ነው፣ ዝንብም አያሳልፍ።

አሁን ሁለት መንገድ አለ፤ ዛፉ ላይ ማልበስ ወይም ማዕቀፍ መሥራት። ማልበስ ቀላል ይመስላል። ቁመቱ 2.5 ሜትር፣ የአናቱ ስፋት 2 ሜትር፣ የመጀመሪያው ቅርንጫፍ ከመሬት 80 ሳንቲ ሜትር የሆነ ዛፍ እንውሰድ። ከአንዱ ጎን ወጥቶ በላይ አልፎ በሌላው ለመውረድ 1.7 ሲደመር 2 ሲደመር 1.7፣ ማለትም 5.4 ሜትር። ከዚያ ከቅርንጫፉ ሥር ወደ ግንዱ ለመሰብሰብ በየጎኑ አንድ አንድ ሜትር። በድምሩ 7.4፣ ስለዚህ 7.5 በ7.5 ሜትር፣ ወደ 56 ካሬ ሜትር መረብ ይጠይቃል። ያው ዛፍ 2.5 በ2.5፣ ቁመቱ 3 ሜትር በሆነ ማዕቀፍ ቢታጠር አራቱ ግድግዳ 30 ካሬ፣ ጣሪያው 6.25 ካሬ፣ ለመደራረቢያ ጥቂት ተጨምሮ 40 ካሬ ይበቃዋል። እንግዲህ ውድ የሚመስለው ማዕቀፍ በመረቡ ላይ ይቆጥባል፤ የሚጨምረው እንጨቱን ነው።

በተጨማሪ የለበሰ መረብ ፍሬውን ስለሚነካ ወፏ ከውጭ ሆና ዳር ዳሩን ትጨርሰዋለች፤ አዲስ ቡቃያም በዓይኑ ገብቶ ያድግና ሲነሣ ይሰበራል። ማልበስ የሚመከረው ለአንድ ሰሞን፣ ፍሬው መሃል መሃል ላይ ላለ ዛፍ ብቻ ነው።

ለማዕቀፉ 3.5 ሜትር የሆኑ አራት አጠናዎች ይበቃሉ፤ ግማሽ ሜትሩ መሬት ይገባል። ምስጥ እንዳይበላው ታችኛው 60 ሳንቲ ሜትር ላዩ እስኪከስል በእሳት ይለበለባል። የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት የተለመደ ቢሆንም የዛፉ ሥር አጠገብ ስለሆነ አይመከርም። አናታቸውን በአራት ሸምበቆ ወይም ቀጭን ማገር ማያያዝና ጫፍ ጫፉን በአሮጌ ጨርቅ መጠቅለል ነው፣ አለበለዚያ መረቡን ይቀድደዋል። በመሃል አንድ ማገር ከፍ ብሎ ይተላለፍና ጣሪያው ትንሽ ቁልቁል ይያዝ። ምክንያቱ በረዶ ነው፤ ዓይኑ ጠባብ የሆነ መረብ ጠፍጣፋ ከሆነ በረዶውን እንደ ሰፌድ ይዞ ይቀራል። ጣሪያውን ከግድግዳው ጋር በቀጭን ሲባጎ ብቻ ማሰር ብልህነት ነው፤ ክብደት ሲበዛ ሲባጎው ይበጠሳል እንጂ አጠናው አይሰበርም።

ግድግዳው መሬት ላይ አንድ ስንዝር ያህል ተርፎ በድንጋይ ወይም በሽቦ መንጠቆ በየ50 ሳንቲ ሜትሩ ይያዛል። ረጅም ጅራቷ ወፍ የምትገባው በዚህ በኩል ነው። በአንድ ማዕዘን ሁለቱ ጫፎች ክንድ ያህል ተደራርበው በር ይሆናሉ፤ መቆለፊያው የልብስ መቆንጠጫ ቢሆን በቂ ነው።

ጊዜው ደግሞ አበባው ረግፎ ፍሬ ከያዘ በኋላ ነው። አበባ ላይ እያለ ከተዘጋ ንብ እንደልቧ አትገባም፣ የሚያዘው ፍሬም ሊቀንስ ይችላል። መግረዝ፣ ማሳሳትና ተባይ ማየት መረቡ ከመዘርጋቱ በፊት ያልቁ። ከተዘረጋ በኋላ ጠዋትና ማታ መዞር ግዴታ ነው። የተጠመደች ወፍ ብትኖር ራሷን በጨርቅ መሸፈን፣ ትረጋጋለች፤ ከዚያ ክሩን መቁረጥ እንጂ ወፏን መጎተት የለም። ለቀማው ሲያልቅ መረቡን አራግፎ፣ አድርቆ፣ ጨለማ ቦታ ማስቀመጥ ነው። የደጋ ፀሐይ ፕላስቲክን ይበላል፣ ዓመቱን ሙሉ ዛፍ ላይ የተተወ ተራ መረብ በእጅ ሲነካ ይፈረካከሳል።

ማስፈራሪያ፦ ለአሥር ቀን ብቻ

ማስፈራርቾ፣ ሲዲ፣ የካሴት ክር፣ የፕላስቲክ እባብ። ሁሉም ይሠራሉ፣ ወፉ እስኪለምዳቸው። ስለዚህ ከፍሬው መያዝ ጀምሮ መስቀል ማባከን ነው፤ ቀለም መለወጥ ሲጀምር ሰቅሎ ለቀማው ባለቀ ዕለት ማውረድ። በየሁለት ሦስት ቀኑ ቦታ መቀየር አለበት። ሲዲ ፀሐይ ይፈልጋል፣ በሐምሌ ደመና ተራ ክብ ፕላስቲክ ነው። የካሴት ክር ጠመዝመዝ ተደርጎ በሁለት ችካል መካከል ሲወጠር ነፋስ ሲመታው ይጮኻል፤ ይህ ከሲዲው ይሻላል። ሰውን የሚተካ ግን የለም። ማሽላ የሚጠብቁ ልጆች ማማ ላይ ወንጭፍ ይዘው የሚውሉት ሌላ ነገር ስላልታሰበ አይደለም። በጓሮ ደረጃ ወፉ በብዛት የሚመጣበት ከንጋት በኋላ ያለውና ከማታ በፊት ያለው ሰዓት ስለሆነ ያኔ እዚያ መዋል ጥቂት ቀን ያድናል።

ስለ ሚጥሚጣ ውኃ አንድ ነገር መባል አለበት፣ ብዙ ሰው ይረጫልና። ወፍ የቃሪያና የሚጥሚጣ ማቃጠል አይሰማውም፤ ስሜቱን የሚቀበለው የሰውነቱ ክፍል ለዚያ ንጥረ ነገር ምላሽ አይሰጥም። የዱር ቃሪያን ዘር የሚያሰራጩትም ወፎች ናቸው። አይጥን ሊያርቅ ይችላል፣ ወፏ ግን ቅመም የገባበት ኮክ በላች ማለት ነው። ጆሮ የማይሰማው ድምፅ አውጥቶ ወፍ ያባርራል ተብሎ የሚሸጠው መሣሪያም እንዲሁ ነው፤ እኛ የማንሰማውን ያን ቀጭን ድምፅ ወፎችም አይሰሙትም። ሙጫና መርዝ አይነሡ። መርዙ ለድመቱና ለልጁም ይተርፋል፣ ፍሬ የሚበሉት ወፎች ብዙዎቹ ጫጩት ሲያሳድጉ ደግሞ ትል ለቃሚዎች ናቸው።

ለየትኛው ዛፍ የቱ?

ማንጎ፣ ፓፓያ፣ ካዝሚርና አቮካዶ፦ ቀድሞ መልቀም፣ ሌላ ወጪ አያስፈልግም። ማንጎው ዝንብ ካለበት የሚደረስበትን ያህል ከረጢት።

ዘይቱን፦ ከረጢት፣ ያለ ጥርጥር። በአዲስ ቅርንጫፍ ላይ ስለሚያፈራ በድፍረት ተገርዞ 2 ሜትር ላይ ቢያዝ ሥራው ሁሉ ከመሬት ቆሞ ይሠራል።

ኮክና ፕሪም፦ ጥቂት ከሆኑ ማሳሳትና የጨርቅ ከረጢት፤ ዛፉ ከተሸከመ ማዕቀፍ፣ መደቡ ሲነጣ ለቀማ። ኮክ የሚያፈራው ባለፈው ዓመት በበቀለ ቅርንጫፍ ላይ ስለሆነ እንደ ዘይቱን ሁሉንም መቁረጥ የከርሞን ፍሬ መቁረጥ ነው፤ ከለቀማ በኋላ ያረጀውን አውጥቶ አዲሱን መተው ነው።

ወይን፦ ሐረጉ ዳስ ላይ ከሆነ ማዕቀፉ ተሠርቶ ተቀምጧል። ዘለላው ወደ ታች ስለሚንጠለጠል ጣሪያውን ትቶ ጎኖቹንና ከሥር መዝጋት ያዋጣል፤ ከአርባ ዘለላ በታች ከሆነ ግን እያንዳንዱን ማልበስ።

በለስ፦ ሁሉም በአንድ ቀን ስለማይበስል አስቸጋሪው ይህ ነው። አንገቱ ዘንበል ሲል በድርብ ጨርቅ ማልበስና በየጠዋቱ የለሰለሰውን ማውረድ። ዛፉ 4 ሜትር ካለፈ የላይኛውን ለወፍ ትቶ እጅ የሚደርስበትን ብቻ ማልበስ።

እንጆሪ፦ ከጉልበት በታች በሽቦ ቀስት የተወጠረ መረብ፣ በአንድ ጎን የሚገለጥ።

ከየትኛውም ጋር አብሮ የሚሄደው የወደቀውን ፍሬ በየቀኑ ማንሣት ነው። መሬት ላይ የበሰበሰ ፍሬ ወፉን ይጠራል፣ ዝንቧንም ያራባል። ወደ ብስባሽ ጉድጓድ በቀጥታ አይጣል፤ ጥቁር ላስቲክ ውስጥ አፉ ታስሮ አንድ ሁለት ሳምንት ፀሐይ ላይ ይቀመጥ፣ ወይም ግማሽ ሜትር ተቆፍሮ ይቀበር።